ያልተለቀመ እፍኝ

ባለፈው ሳምንት ጦር ኃይሎች ላይ ከታክሲ ስወርድ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አንዲት ሴት በቆልት በሳፋ ይዛ አጥር ሥር ተቀምጣለች። የተነከረ ባቄላ ሽታ ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፤ ጥሬ ጥሬ፣ ትንሽም መሬት መሬት የሚል ሽታ ነው። እኔ ግን መንገዴን ትቼ ሳፋው ፊት ቆምኩ። የልጅ ልጄ «ምን ሆንሽ እማማ?» ስትለኝ «ምንም፤ ሄደሽ ግዥልኝ» ብዬ ላክኋት። ገዝታ መጣች፤ አልበላሁትም። በቆልት ከተውኩ ዕድሜ ልኬን ነው። ጨጓራዬን እያሳበብኩ ኖሬያለሁ እንጂ ጨጓራዬ ደኅና ነው።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ኮልፌ አሁን እንደሚታየው ቤት በቤት ላይ የተደረበበት ሰፈር ሳይሆን እርሻና ባሕር ዛፍ ነበር። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ሁለተኛው ክረምት ነው። አባቴ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም፤ ሞተ የሚል መርዶም፣ አለ የሚል ወሬም አልመጣልንም። እማዬና እኔ የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደወል ከሚሰማባት አንዲት ጎጆ ውስጥ እንኖር ነበር። ከእኛ ጋር ወለላ የምትባል ጊደር ነበረች። ቀለሟ እንደ ስሟ ነው። የመጀመሪያ ጥጃዋን በኅዳር ትወልዳለች ተብላ ትጠበቃለች። ከጆሮዋ ሥር ሳክላት ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ትከሻዬ ላይ ትጥልብኝ ነበር። እኅትም ወንድምም ስላልነበረኝ ሚስጥሬን ሁሉ የምነግረው ለእሷ ነው።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ጋሽ አድማሱ ወደ ቤታችን መጡ። የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ ከተማ ውስጥ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ፣ የተማረ ሰው እየታደነ የሚወሰድበት ጊዜ ሆነና መጠጊያ አጡ። እማዬ ለጎረቤት «የአክስቴ ልጅ ነው፣ ገመድ ይገምዳል» ብላ አስወራች። እውነትም ከጓሮ ተቀምጠው ቃጫ ይገምዱ ጀመር። ገመዳቸው ግን እንደ ጀማሪ ገመድ አንዱ ጎን ወፍሮ አንዱ ጎን የሚቀጥን ስለነበር፣ ያየ ሰው የእኚህ ሰው ሙያ ሌላ ነው ሳይል የቀረው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

እኔ «ለምንድን ነው ጣሊያን የሚፈልጋቸው?» ብዬ እማዬን ነዘነዝኳት። ሲመርራት «ማስላት ስለሚያውቁ ነው፤ በቃ!» አለችኝ። እኔም አመንኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገድ አጠገብ ጮክ ብዬ መቁጠር ተውኩ። ዶሮዎቹን ስሰበስብ ከንፈሬን ገጥሜ በሆዴ ነው የምቆጥራቸው። የጣሊያን ካሚዮን ሲያልፍ ደግሞ ጣቶቼን ቀሚሴ ውስጥ እደብቅ ነበር፤ ነጂው አሥር መሆናቸውን እንደማውቅ እንዳይጠረጥር ብዬ ነው።

ጋሽ አድማሱ ግን ሳያስተምሩ መኖር የሚችሉ ሰው አልነበሩም። የጓሮው ግድግዳ ሰሌዳችን፣ ከሰል ጠመኔያችን ሆነ። መደመርና መቀነሱ ብዙም አልከበደኝም። ግንቦት ላይ ግን አንድ እንግዳ ነገር ጀመሩ። በየማለዳው ወጨጫን እንዳይ፣ ተራራው ደመና ለብሶ ካገኘሁት ግድግዳው ላይ አንድ ጭረት እንዳሰምር፣ በዚያው ቀን ከዘነበ ደግሞ ጭረቱን እንዳቋርጠው አዘዙኝ። ሃያ ጭረት ሲሞላ የተቋረጡትን ቆጠርን። አሥራ አራት ሆኑ።

«እንግዲህ ነገ ወጨጫ ደመና ቢለብስ ይዘንባል አይዘንብም?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«እሱስ እግዜር ነው የሚያውቀው። እኛ የምናውቀው ያየነውን ነው፤ ከሃያው አሥራ አራቱን። ስለዚህ የነገውን ከሃያ አሥራ አራት ይዘንባል እንላለን። ግምት ነው። ግን ዝም ብሎ ከአፍ የወጣ አይደለም፤ በታየ ነገር ላይ የቆመ ግምት ነው።»

እኔ ግን የገባኝ ሌላ ነው። ሰማዩ ከሃያ ቀን አሥራ አራቱን የማዝነብ ግዴታ፣ ስድስቱን ደግሞ የማረፍ መብት ያለው መሰለኝ። ከዚያ በኋላ አራት ቀን በተከታታይ ዘነበ። በአምስተኛው ቀን ወጨጫ ጥቁር ደመና ለብሶ ሳለ እማዬን «ዛሬ ልብስ እጠቢ፤ ተራው የማረፍ ነው» አልኳት። የሰሞኑን ጭረት ስታይ ስለከረመች ይሁን ወይም ስለቸኮለች፣ ሰማችኝ። ያላትን አንድ ነጠላ አጥባ ባሕር ዛፉ ላይ ባሰጣችው በሰዓቱ ዶፉ ወረደና ነጠላዋ ጭቃ ውስጥ ተዘረረ። በጥፊ ልትለኝ ስትነሳ ጋሽ አድማሱ መሐል ገቡ።

«አስካለ፣ ሰማዩ ቃል አልገባልሽም» አሉኝ ሳቃቸውን እየዋጡ። «ትናንት ዘነብኩ ብሎ ዛሬ አያርፍልሽም። ቁጥሩ የሚነግርሽ በብዙ ቀን የሚሆነውን ነው እንጂ የዛሬዋን አይደለም።»

ሰኔ ሲገባ ጉድጓዱ ተከፈተ። እህላችንን በጎተራ አናስቀምጥም ነበር፤ ጎተራ ከመንገድ ይታያል፣ ባለ ካሚዮኖቹ ደግሞ ያዩትን ጎተራ አያልፉም። አባቴ ሳይዘምት በፊት በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ጭድ ተነጥፎ ባቄላ ተቀብሯል፤ ከላዩ ወለላ ትታሰራለች። ከጊደር ሆድ ሥር እህል አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ክዳኑ ሲነሳ ግን እርጥብ ሽታ ወጣ። የበልጉ ዝናብ በጎን ሰርጎ ገብቶ ኖሯል። ከዳር ያለው ባቄላ ጠቁሯል፤ ከመሐል ያለው ደኅና ይመስላል። አውጥተን ቁርበት ላይ ስናሰጣው ሁሉም ተደባለቀ። ደኅና ከሚመስለውም ውስጥ የሞተው ስንቱ እንደሆነ በዓይን አይታይም።

መሬቱና በሬዎቹ የጎረቤታችን የኦቦ ገመቹ ነበሩ። ዘሩ፣ አረሙና ጉልጓሎው የእኛ ነው፤ ምርቱን እኩል እንካፈላለን። ዘሩ ካልበቀለ የሁለት ቤት ዓመት ነው የሚጠፋው። እማዬና ኦቦ ገመቹ ቁርበቱ አጠገብ ቆመው ሲመካከሩ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ።

«ይኼ ዘር ሞቶ ከሆነ ያለኝ ጊደሯ ብቻ ናት» አለች እማዬ። «በእሷ ዘር እለውጣለሁ።»

«አሁን ብትለውጫት ደህና ዘር ታመጣለች» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ወደ ነሐሴ ከሄደ ግን ዘር ይወደዳል፣ ከብት ይረክሳል።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው አንድ ፍሬ አነሱና ነከሱ። «ይኼ ነፍስ አለው» አሉ። ሌላ ነከሱ። «ይኼ የለውም።» ሦስተኛ፣ አራተኛ ቀጠሉ። እማዬ በዚህ ዓይነት ከሄዱ የሚዘራ እንደማይተርፍ በትሕትና ስትነግራቸው አቆሙ።

ጋሽ አድማሱ ገመዳቸውን ትተው መጡ። «ሁሉንም መፈተን አንችልም» አሉ። «ሃያ ፍሬ ነክረን እናብቅል። ከሃያው ስንት እንደበቀለ ካየን ስለ ክምሩ እንገምታለን። ቅቤ ገዢ ማሰሮውን ሁሉ አይቀምስም፤ ጣቱን አግብቶ ትንሽ ይቀምሳል፣ ስለ ቀረው ይፈርዳል።» ወደ እኔ ዞረው «አስካለ፣ ከዚያ ላይ ሃያ ፍሬ ቆጥረሽ አምጪልኝ» አሉኝ። ያሉኝ ይህንኑ ብቻ ነው።

በእኛ ቤት ያልተለቀመ እህል ለሰው እጅ አይሰጥም። ጎረቤት አንድ ስኒ ምስር ቢበደር እንኳ እማዬ ሰፌዷን ይዛ ትቀመጣለች፤ ጠጠሩን፣ የነቀዘውን፣ የተጨማደደውን አውጥታ ነው የምትሰጠው። «ያልተለቀመ የሰጠች ልጅ እናት የላትም ይባላል» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ለመምህር ሲሆንማ! ሰፌድ አመጣሁ፤ ከክምሩ አፈስኩ፤ ጥቁሩን ጣልኩ፣ ቀዳዳ ያለውን ጣልኩ፣ ቆዳው የላላውን ጣልኩ። አልቸኮልኩም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና። የሚያበሩ ሃያ ፍሬዎች መርጬ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ጋሽ አድማሱ ገመዱ ላይ አቀርቅረው ነበርና በቅጡ ሳያዩ «ተባረኪ» አሉኝ።

ባቄላው ውሎ አድሮ ከተነከረ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ገበቴ ላይ ምድጃ ዳር ተቀመጠ። ጨርቁን በየቀኑ እያረጠብኩ እገልጠዋለሁ። ያ ሽታ የዚያ ጊዜ ሽታ ነው። ነጭ ነጭ ጡት የመሰለ ቡቃያ ከሆዳቸው ብቅ ሲል ከደስታዬ ብዛት መብላት እንኳ አቃተኝ። በስድስተኛው ቀን ሁላችንም ገበቴውን ከበን ቆጠርን። ከሃያው አሥራ ስምንቱ በቅለዋል።

እማዬ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ጋሽ አድማሱ ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ክምሩን ሳየው ይኼ በዛብኝ» አሉ። «ሌላ ሃያ ብንደግም ደስ ይለኛል።»

«በሬዎቹ ነገ ነው ተራችን፤ ከነገ ወዲያ ወደ ኦቦ ገመቹ አማት ቤት ይሄዳሉ» አለች እማዬ። «እርስዎ ራስዎ ካየን እንገምታለን አይደል ያሉት? አየን እኮ።»

ተሸነፉላት። እኔ ወደ ወለላ ሮጥኩና ፊቴን አንገቷ ላይ ደፋሁ። አትሸጥም፤ ኅዳር ላይ ጥጃዋን አያለሁ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ማሳው ራሰ በራ ሆኖ ታየ። እዚህ ሁለት፣ እዚያ ሦስት፣ መሐሉ ባዶ ጥቁር አፈር። እማዬ ጎንበስ ብላ ባዶውን አፈር በጣቷ ጫር ጫር አደረገች። ጋሽ አድማሱ ደግሞ ቤት ተመልሰው፣ ለምግብ ተብሎ ከቀረው ባቄላ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው አፈሱና ሃያ ቆጥረው ነከሩ። በስድስተኛው ቀን ዘጠኝ በቀለ። ግድግዳው ላይ ከአሥራ ስምንቱ ሥር «ዘጠኝ» ብለው ጻፉና ቃጫውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ሁለቱን ቁጥሮች ሲያዩ ዋሉ።

«አንድ ክምር ነው፤ ይህን ያህል መራራቅ አልነበረበትም» ይላሉ ለብቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብለው «አስካለ፣ መቁጠር ረስቼ ይሆን እንዴ?» አሉኝ። እንደ ቀልድ ነው ያሉት፤ ፊታቸው ግን አይቀልድም። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የጣልኳቸው ጥቁሮችና የተጨማደዱት ዓይኔ ላይ መጡ። ከአንገቴ በላይ እሳት ሆንኩ፤ «እንጃ» ብዬ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ።

በማግሥቱ ኦቦ ገመቹ መጡ። ጯሂ ሰው አይደሉም። በትራቸውን ተደግፈው «ተዋበች፣ በሬዎቼ ባዶ መሬት ነው እንዴ ያረሱት?» አሉ።

እማዬ ወደ ጋሽ አድማሱ ዞረች። «አሥራ ስምንት ብለውኝ ነበር» አለች።

«ብያለሁ።»

«በእርስዎ ቃል ነው የዘራሁት። አሁን ለልጄም የሚበቃ የለኝም። እንግዲህ...» ብላ አቆመች። ጋሽ አድማሱ ግን ጨረሱላት፤ ገብተው ጋቢያቸውንና ሁለት መጽሐፍ ጠቅልለው ወጡ። ያን ጊዜ የሆለታ መንገድ ላይ ወታደር ቆሞ የእያንዳንዱን ሰው እጅ ያይ ነበር፤ የገበሬ እጅ ነው ወይስ የጸሐፊ እያለ። የእሳቸው መዳፍ በቃጫ ቢላላጥም ጣታቸው የጠመኔ ጣት ነው። ይህን እማዬም ታውቃለች፤ ለዚህ ነው መሬት መሬት የምታየው።

«እኔ ለቅሜው ነው» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ማንም አልሰማኝም። ደገምኩት፤ «ባቄላውን ለቅሜ ነው የሰጠኋቸው።»

ጋሽ አድማሱ ጥቅላቸውን አስቀመጡ። «ምን አልሽ?»

«ጥቁሩን አወጣሁት። የነቀዘውንም፣ የተጨማደደውንም። ያማሩትን ነው የሰጠሁዎት።»

ዱላ ጠብቄ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዱላው አልመጣም። ስገልጥ እማዬ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። «እኔ ነኝ» አለች። «ያልተለቀመ ለሰው አይሰጥም እያልኩ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።»

«የለም ወይዘሮ ተዋበች» አሉ ጋሽ አድማሱ። ፊታቸው ላይ የሰነበተው ጥላ ተገፍፏል። «ልጅቷን ሳትመርጪ አፍሰሽ አምጪ ማለት የእኔ ፋንታ ነበር። ሒሳብ አስተማሪ ይኼን ሳይናገር አያልፍም። በዛ ብዬ ጠርጥሬም ዝም አልኩ። ቁጥሩስ አልዋሸንም፤ እኛ የጠየቅነው ስለ ክምሩ ነው፣ እሱ የመለሰልን ስለተለቀመው ነው።»

«እኔም ነክሼ ዝም ብያለሁ» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ከነከስኩት ግማሹ ሬሳ ነበር።»

ጥፋቱን ሦስቱ ሲካፈሉት ለእኔ ምስጋና ብቻ ተረፈኝ። ጋሽ አድማሱ ጥቅላቸውን ፈቱ።

ማሳው ግን በይቅርታ አይሞላም። ክረምቱ ሲያልቅ በባዶው ቦታ ሽምብራ ለመዝራት ተመከረ። ዘሩ የሚገኘው በወለላ ነው። ኦቦ ገመቹ እንደፈሩት ከብት ረክሶ ዘር ተወዷል፤ በሰኔ የምታመጣውን ግማሽ እንኳ አታመጣም። ኦቦ ገመቹም ባሉበት አንድ ነጋዴ ሽምብራውን ይዞ ደጃችን መጣና ጆንያውን ፈታ። እማዬ እንደ ድሮው ፈጥና አልተስማማችም። «መጀመሪያ ይፈተናል» አለችው። «አስካለ፣ ነይ አፍሽ። አሁን ታውቂዋለሽ።»

እጄን ዘረጋሁ። ጋሽ አድማሱ «እሷ አትሁን» አሉ።

«ለምን? ከእንግዲህ አትለቅምም» አለች እማዬ።

«እኔንጃ። እፍኙን ጊደር የሌለው ሰው ቢያወጣው ይሻላል። ኦቦ ገመቹ፣ እርስዎ ያውጡልን።»

ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም። እማዬ ነገሩ አልገባትም፤ «የምን ጊደር?» ብላ ተወችው። እኔ ግን የተዘረጋ እጄን ቀስ ብዬ ሰበሰብኩ። አውቀዋል። መቼ እንዳወቁ እንጃ፤ ምናልባት ገበቴው የተቆጠረ ዕለት ወደ ወለላ ስሮጥ አይተውኝ ይሆናል። እንደ ደንባችን ለቅሜ ነው ማለቴ ውሸት አልነበረም። ግን ሰፌዱ ላይ አንድ የተጨማደደ ፍሬ አንስቼ ብዙ ያመነታሁበት ጊዜ ነበር። ይኼ ቢገባ፣ ባይበቅል፣ ወለላ ትሄዳለች ብዬ አስቤ ነው የጣልኩት። ከእሱ በኋላ የጣልኳቸውን ሁሉ ያንኑ እያሰብኩ ነው የጣልኳቸው። የነጋዴውን ሽምብራ ብነካው ደግሞ ልውውጡ እንዲቀር የሞተ የሞተውን እየፈለግሁ አፍስ ነበር።

ኦቦ ገመቹ ፊታቸውን አዙረው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ጆንያው ውስጥ ከተቱ። በሳምንቱ ከሃያው አሥራ ሰባት በቀለ።

ወለላ ለሌላ ሰው አልራመድ ስላለች እስከ ገበያው የነዳኋት እኔ ነኝ። ነጋዴው ገመዱን ፈትቶ መለሰልንና በራሱ ጠፍር አሰራት። ስንመለስ እማዬ ከፊቴ ትሄድ ነበር። መንገድ መሐል ቆማ ጠበቀችኝና ራሴን ዳበሰችኝ።

«አይዞሽ፣ አታልቅሺ» አለችኝ። «ያን ቀን ባትናገሪ ኖሮ ያን ምስኪን ሰው በግፍ አስወጥቼው፣ ገድዬው ነበር። ልጄ እውነቱን ሳታስቀር ተናገረች ብዬ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።»

የወለላን ገመድ እጄ ላይ እየጠቀለልኩ «እሺ» አልኳት።